መልስ፦ ጾሜን ልተወው ወይ ላልከው

«ረቡዕና ዓርብ ስጾም የማይጾሙትን እንቃለሁ፤ ልተወው?» ላልከው፦ አትተወው ወንድሜ። በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊ በሳምንት 2 ቀን ይጾም፣ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣ ነበር፤ በሙሴ ሕግ የታዘዘው ግን በዓመት 1 ቀን፣ የማስተሰረያው ዕለት ነው። ጌታም ጾሙን አልነቀፈበትም። ነገሩ የተበላሸው በቤተ መቅደስ ሲጸልይ፣ ሊጸልይ የመጣውን ቀራጭ (ግብር ሰብሳቢ) ጠቅሶ «እንደዚህ ቀራጭ አይደለሁም» ሲል ነው፤ ጸሎቱ የሰው ኃጢአት ቆጠራ ሆነ። («እኔስ እንደ ፈሪሳዊው አይደለሁም» ማለትም ያው ወጥመድ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንያዘው እዚያ ነው።)

ለንስሐ አባትህ «ትዕቢት አለብኝ» ብለህ በደፈናው አትለፈው፤ መቼ፣ በምን ምክንያት ሰው እንደናቅህ ዘርዝር። ንቀቱ ሲመጣብህ የቀራጩን «አምላክ ሆይ፣ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» በል፤ ሌላ ሰው አትጨምርበት። በጾሙ የተረፈውን የቁርስ ገንዘብ ደግሞ ማንም ሳያይ ለተቸገረ ስጥ።