በስልክ የሚባልና የማይባል

ለልጆቼ እኩዮች፤

ከአራዳ ልደታ ፍርድ ቤት ስመላለስ በጥብቅና ሥራ ጠጉሬ ሸብቷል። ድሮ ባለጉዳይ ሲመጣ ከደረት ኪሱ የሚያወጣው የተጣጠፈ ወረቀት ነበር። አሁን ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ይኸው ጋሼ፣ ምን ብሎ እንደላከልኝ ይስሙልኝ» ይላል።

በእኛ ዘመን ስልክ ላይ የተባለ እዚያው ይቀር ነበር። መደበኛው ስልክ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ቤት ማዞሪያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ይንጠለጠልበታል። እናት እየሰማች፣ እንግዳ ቡና እየጠጣ ስለሚወራ ሰው ሳይወድ በግዱ ቃሉን ይመጥናል። ደስ ይል ነበር አልላችሁም። ለፍቅረኛው የሚለው ነገር ያለው፣ ሳንቲም ይዞ ወደ መንገድ ስልክ ይሮጣል፣ እዚያም ከኋላው የተሰለፈው ያጉረመርምበታል። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል መጣ፤ ኋላም ካርድ መሙላትና ሚስኮል። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሻለሁ» ማለት ነው።

ዛሬ ድምፅ ራሱ ይቀመጣል፣ ለሦስተኛ ሰውም ይተላለፋል። ታክሲ ውስጥ አንዷ ስልኳን እንደ ቁራሽ ዳቦ ከአፏ አስጠግታ ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ቮይስ ስትልክ እሰማለሁ። ተናዳለች። ደውላ ቢሆን ኖሮ ያኛው ወገን «ቆይ እስቲ፣ እንደሱ አይደለም» ብሎ ያቋርጣት ነበር፤ እሷም መልስ ስትሰጥ ትበርዳለች። ቮይስ ላይ የሚያቋርጥ የለም፤ ንዴቱ ሳይጎድል ተጠቅልሎ ይላካል።

ጉዳቱ የሚታየው ሽምግልና ላይ ነው። ባልና ሚስት ወይም የንግድ ሸሪኮች ሲጣሉ ድሮ አንዱ «እንዲህ ብሎኛል» ይላል፣ ሌላው «በጭራሽ አልወጣኝም» ይላል። ሽማግሌዎቹ ማን እንደዋሸ ሳያጡት «በንዴት የተባለ ነው፣ ይቅር ተባባሉ» ብለው ያልፉታል። ያቺ «አላልኩም» ብዙ ትዳር አትርፋለች። አሁን ስልኩ ይከፈትና ስድቡ በገዛ ድምፁ ሽማግሌዎቹ ፊት ይሰማል። ከዚያ በኋላ ማን ይክዳል? ማንስ እንዳልሰማ ይሆናል? ዕርቅ የነበረው ጉዳይ ፋይል ይከፈትበታል። ስለዚህ ስትናደዱ ደውሉ፣ ከቻላችሁም ሄዳችሁ ተነጋገሩ። ቮይሱን ለ«ዳቦ ይዘህ ና» አቆዩት።

መርዶማ በምንም መልኩ በስልክ አይላክ። ወዳጅ ዘመድ ተሰባስቦ በማለዳ ቤት ድረስ የሚሄደው ሰውየው ብቻውን ሲወድቅ የሚይዘው እንዳይጠፋ ነው። ባሕር ማዶ ላለውም ቢሆን አጠገቡ የሚኖር ሰው ፈልጉ።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ተቃራኒውን እመክራለሁ፤ እዚህ ላይ ወሬ አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚደረግ እምነት (ተበዳሪው ራሱ «አዎ፣ ተበድሬያለሁ» ሲል) ወይም መሐላ ነው ይላል። ያኔ 500 ብር ብዙ ነበር፤ ዛሬ ፒያሳ ሁለት ሰው በወጉ ምሳ አይበላበትም፣ ሕጉ ግን ያው ነው። «በቮይስ እመልሳለሁ ብሎኛል» የሚል ወጣት ቢሮዬ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የተፈረመ ወረቀት ነው። የሚበዛው የለውም። ስታበድሩ የተበዳሪውን ፊርማ በወረቀት ያዙ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሙ። በባንክ መተግበሪያ ስትልኩም ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «ብድር» ብላችሁ ጻፉ እንጂ ባዶውን አትተዉት። ተበዳሪው ወንድማችሁ ቢሆንም።