ያልነበረኝን አክሲዮን ሸጥኩ፤ ዕዳዬ ምን ያህል ነው?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፤ ነዋሪነቴ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። እናቴን ለማስታመም ወደ ትውልድ ከተማዬ ደሴ ከመጣሁ አንድ ወር አልፎኛል። ለሕክምናዋ ገንዘብ ስላስፈለገኝ ባለፈው ሰኞ ምሽት ያለኝን 40 አክሲዮን በ52 ዶላር እንዲሸጥልኝ በስልኬ አዘዝኩ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ። ትእዛዙ የደረሰ ስላልመሰለኝ መስመሩ ሲመለስ ደግሜ አዘዝኩ። በማግስቱ ስመለከት ሁለቱም ትእዛዞች ተፈጽመው 4,160 ዶላር ገብቷል፤ ከአክሲዮኑ ስም ጎን ግን 40 ቁጥር የመቀነስ ምልክት ተደርጎባት ተቀምጣለች። ዛሬ ዋጋው 57 ዶላር ደርሷል። አንድ ወዳጄ «መውረዱ አይቀርም፤ ብትጠብቅ እንዲያውም ታተርፋለህ» ይለኛል። ወንጀል ሠርቼ ይሆን? ከገባው ገንዘብ ላይ ለእናቴ ማውጣትስ እችላለሁ? ሙስሊም እንደመሆኔም ያልያዝኩትን መሸጤ እንቅልፍ ነስቶኛል። እዚሁ ደሴ የባንክ አክሲዮን ያላት እህቴ ደግሞ «በእኔም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስ ይችላል?» ብላ ጠይቃለች። ስሜ ባይወጣ እወዳለሁ። ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ለእናትዎ አላህ አፊያውን ይስጥልን። አብሽሩ፤ የደረሰብዎት ነገር ወንጀል አይደለም፤ ፈጥነው ከዘጉትም ጉዳቱ ሊሸከሙት የሚችሉት ነው። ሆኖም የወዳጅዎን ምክር እንዳይቀበሉ አጥብቀን እንለምንዎታለን። ምክንያቱን ለመረዳት በመጀመሪያ በሂሳብዎ ላይ የሆነውን ነገር በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ትእዛዝ የራስዎን 40 አክሲዮን ሸጧል፤ በእሱ ላይ ምንም ጥያቄ የለም። ሁለተኛው ትእዛዝ ሲደርስ በእጅዎ የቀረ አክሲዮን አልነበረም። ስለዚህ ብሮከሩ፣ ማለትም በትእዛዝዎ አክሲዮን የሚገዛልዎና የሚሸጥልዎ ድርጅት፣ 40 አክሲዮን ከሌላ ሰው ተበድሮ በእርስዎ ስም ሸጠው። በገበያው ቋንቋ ይህ «ሾርት ሴል» ይባላል። ብሮከሩ ይህን ማድረግ የቻለው ሂሳብዎ ማርጅን የሚባለው፣ ብድር የሚፈቅደው ዓይነት በመሆኑ ነው፤ ተራ የጥሬ ገንዘብ ሂሳብ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ ውድቅ ይሆን ነበር።

ጉዳዩን በእኛው አገር ነገር እንየው። በቃሉ ወይም በባቲ አካባቢ ያለ አንድ ገበሬ ከጎረቤቱ አንድ ኩንታል ማሾ ተበድሮ ገበያ አውጥቶ ቢሸጠው፣ ጎረቤቱ የሚጠብቀው የዛሬውን የሽያጭ ገንዘብ ሳይሆን አንድ ኩንታል ማሾ ነው። በመክፈያው ቀን ማሾ ቢረክስ ተበዳሪው ያተርፋል፤ ቢወደድ ግን ከኪሱ ጨምሮ ገዝቶ ይመልሳል። የእርስዎም ዕዳ እንዲሁ ነው፤ የሚቆጠረው በዶላር ሳይሆን በአክሲዮን ነው። 40 አክሲዮን አለብዎት፤ የ40 አክሲዮን ዋጋ ደግሞ ገበያው በተከፈተ ቁጥር ይለዋወጣል።

ከዚህ የተነሳ 4,160 ዶላሩ ሁሉ የእርስዎ አይደለም። ግማሹ፣ ማለትም ከሁለተኛው ሽያጭ የመጣው 2,080 ዶላር፣ ለተበደሩት አክሲዮን መያዣ ሆኖ የተቀመጠ ነው። በዛሬው ዋጋ 40ውን አክሲዮን ለመመለስ 2,280 ዶላር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የእርስዎ የሆነው 1,880 ዶላር ነው። ስህተቱ እስከ አሁን ያሳጣዎት 200 ዶላር ነው ማለት ነው፤ በላዩ ላይ ብሮከሩ ለተበደረልዎ አክሲዮን የሚጠይቀው ወለድ ሊታከል ይችላል። 200 ዶላር ለታማሚ እናት ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን መጠኑ የታወቀ ኪሳራ ነው።

ወዳጅዎ የሚመክሩት መንገድ ግን መጠኑ ያልታወቀ ነው። በ52 ዶላር የተሸጠ አክሲዮን ቢበዛ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሊያተርፉ የሚችሉት ከፍተኛው 2,080 ዶላር ነው፤ ይህም ድርጅቱ ጨርሶ ሲወድቅ ብቻ ነው። ወደ ላይ ግን ጣሪያ የለውም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ጌምስቶፕ የተባለው የአሜሪካ የጨዋታ መደብር አክሲዮን ወሩ ሲጀምር ከ20 ዶላር በታች ነበር፤ በ27ኛው ቀን 347 ዶላር ላይ ተዘጋ። ይወርዳል ብለው ተበድረው የሸጡ፣ ቢሊዮኖችን የሚያንቀሳቅሱ የገንዘብ ባለሙያዎች ጭምር ከባድ ኪሳራ ደረሰባቸው። የእርስዎ አክሲዮን እንዲህ ይሆናል ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን አስበው ያልገቡበትን ውርርድ፣ ያውም ለሕክምና በተመደበ ገንዘብ፣ ለመቀጠል ምንም ምክንያት አይታየንም።

ገንዘብ ስለማውጣት የጠየቁት የጉዳዩ አደገኛ ክፍል ስለሆነ በቁጥር እናሳይዎ። የአሜሪካ ደንብ ተበድሮ የሸጠ ሰው በሂሳቡ ውስጥ የራሱ የሆነው ገንዘብ ከአክሲዮኑ ወቅታዊ ዋጋ ቢያንስ 30 በመቶ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ብሮከሮች ከዚህ ከፍ ያለ መጠን መወሰን ይችላሉ። አሁን ባለው ሁኔታ ምንም ካላወጡ ከዚህ ወሰን የሚደርሱት አክሲዮኑ 80 ዶላር ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ዕዳው 3,200፣ የእርስዎ ድርሻ 960 ዶላር ይሆናል። ማውጣት ቢፈቀድልዎና 700 ዶላር ብቻ ቢያወጡ ግን ወሰኑ ወደ 66 ዶላር ከግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ዛሬ ደግሞ 57 ላይ ነን። ወሰኑ ሲጣስ ብሮከሩ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲያስገቡ ይጠይቃል፤ ውሉም አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳውቅ ጭምር አክሲዮኑን በመረጠው ሰዓትና በተገኘው ዋጋ ገዝቶ እንዲዘጋ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ አስቀድመው ዕዳውን ይዝጉ። የአሜሪካ ገበያ ከግንቦት 20 ቀን 2016 ጀምሮ ግብይትን የሚያወራርደው በማግስቱ የሥራ ቀን ስለሆነ፣ የቀረውን ገንዘብ ለማግኘት ብዙ አይጠብቁም።

ዝም ብለው ቢተዉትስ? ድርጅቱ በዚህ መካከል የትርፍ ድርሻ ቢከፍል፣ ያንን ድርሻ ለአክሲዮኑ ባለቤት የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ በአንድ አክሲዮን 50 ሳንቲም ቢከፈል 20 ዶላር ከሂሳብዎ ይቀነሳል። አበዳሪውም አክሲዮኑን በፈለገ ጊዜ ማስመለስ ይችላል።

ወንጀልን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ ደንብ እያንዳንዱ የሽያጭ ትእዛዝ ሻጩ አክሲዮኑን የያዘ ወይም ያልያዘ መሆኑ ተለይቶ እንዲመዘገብና ብሮከሩም ከየት እንደሚበደር አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሌላ ደንብ ደግሞ አክሲዮኑን ስለመያዙ ወይም ስለማስረከቡ ሆነ ብሎ ዋሽቶ የሚሸጠውንና በቀኑ የማያስረክበውን ሰው በአጭበርባሪነት ይጠይቃል። እርስዎ ማንንም አላታለሉም። ብሮከሩ ቢጠይቅዎ እንደሆነው፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ትእዛዙን እንደደገሙት ይንገሩ። ሽያጩን እንዲሰርዝልዎ ግን ተስፋ አያድርጉ፤ የተፈጸመ ግብይት የሚሻረው ዋጋው ከገበያው በእጅጉ የራቀ ሲሆን እንጂ ትእዛዝ ስለተደገመ አይደለም።

በሃይማኖት በኩል ስለጠየቁት እኛ ፍርድ ለመስጠት ብቁ አይደለንም። ነቢዩ ሙሐመድ ለሐኪም ኢብን ሒዛም «አንተ ዘንድ የሌለውን አትሽጥ» ማለታቸው በሐዲስ መጻሕፍት ተዘግቧል፤ በርካታ የዘመናችን ሊቃውንትም ሾርት ሴልን ከሚከለክሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ነገር ግን በስህተት የሆነንና ታስቦ የተደረገን ነገር ለይተው የሚያስረዱዎት ዑለማዎች በደሴ አያጡም፤ እነሱን ይጠይቁ። እኛ ማለት የምንችለው፣ ካወቁ በኋላ ለትርፍ ብለው ማቆየትዎ ስህተቱን ወደ ምርጫ እንደሚለውጠው ነው።

ለእህትዎ፦ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ነው፤ ወጋገን ባንክም በዚያው ወር ቀዳሚ ሆኖ ተመዝግቦበታል። በአገራችን የአክሲዮን ባለቤትነት የሚረጋገጠው በመዝገብ ስለሆነ፣ በስምዎ ያልተመዘገበን አክሲዮን በተደገመ የስልክ ትእዛዝ ሸጠው ዕዳ ውስጥ የሚገቡበት ዕድል ጠባብ ነው። እህትዎ ይልቅ የባንኩ መዝገብ በስማቸው የያዘው የአክሲዮን ብዛት በእጃቸው ካለው የምስክር ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በላይ ለማንም ገዢ ቃል አይግቡ።

ዕዳውን የሚዘጉት እንዲህ ነው። አስቀድመው ገና ያልተፈጸመ ሌላ ትእዛዝ አለመኖሩን ይዩ፤ ካለም ይሰርዙ። ከዚያ «ለመሸፈን መግዛት» የሚለውን ይምረጡ፤ ብሮከርዎ ለይቶ ካላስቀመጠው ተራው የግዢ ትእዛዝ ያንኑ ይሠራል። ቁጥሩ 40 ይሁን፤ ሊከፍሉ የሚችሉትን ከፍተኛ ዋጋም ይወስኑ፤ ገበያው አልፎት ከሄደ ግን ትእዛዙ ሳይፈጸም ስለሚቀር ተከታትለው ያስተካክሉት። የኒው ዮርክ ገበያ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት በሚያደርጉበት ወቅት በደሴ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ክፍት ነው። ኔትወርኩ ዳግም ቢቋረጥ ቁልፉን ደግመው አይጫኑ፤ ለብሮከሩ ደውለው ትእዛዙ መድረስ አለመድረሱን በቃል ያስነግሩ፤ ካልደረሰም በዚያው ስልክ በድምፅ ይዘዙ። ከተፈጸመ በኋላ ከአክሲዮኑ ስም ጎን ያለው ቁጥር ዜሮ መሆኑን አይተው የማረጋገጫ ወረቀቱን ያስቀምጡ፤ ሁለተኛው ሽያጭ በዓመቱ የግብር መግለጫዎ ላይ ለብቻው ተመዝግቦ ስለሚመጣ ያን ጊዜ ያስፈልግዎታል።