ሴንሰር ሁሉ አይታጠብም፤ ከአየር ፊልትሮው ጀምር

ሰላም ወንድሜ። ኮሮላህን ቤትህ ራስህ ሰርቪስ ታደርጋለህ፣ ሰሞኑን ቼክ ኢንጅን በርቷል፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳትረግጥ ቆሞ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ስካነሩ ፒ0171 የሚል የብልሽት ኮድ አውጥቷል። "ሴንሰሮቹን ሁሉ ፈትቼ በቤንዚን ልጠባቸው ወይ?" ነው ጥያቄህ። እባክህ አታድርገው። እኔም እዚሁ አዳማ ነኝ፣ መኪናዬን ለዓመታት ቤቴ ነው የማየው።

ይሄ ኮድ ሴንሰር ተበላሽቷል አይልም። አየሩ ከቤንዚኑ በልጧል ነው የሚለው። ብዙ ሰው ግን ዘሎ ኦክስጅን ሴንሰር (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን) ይገዛል፣ ብሩም ይባክናል፣ መብራቱም ተመልሶ ይበራል።

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጣ። የከተማችንን ነፋስና አቧራ ታውቀዋለህ፤ አስፋልት በሌለበት ሰፈር የምትነዳ ከሆነ መመሪያው የሚለውን ኪሎ ሜትር አትጠብቅ። እኔ ከቆሻሻው በላይ የማየው ጠርዙን ነው። ርካሽ ፊልትሮ የገጠመ ይመስላል እንጂ ጎማው በደንብ ስለማይነክስ አቧራው በጎን ሾልኮ ያልፋል። ከፊልትሮው አልፎ ያለውን ክፍል በጣትህ ጥረገው። አቧራ ካገኘህ ማፍ ሴንሰሩን፣ ማለትም የሚገባውን አየር የሚለካውን፣ ብታጸዳውም ችግሩ ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል።

አሁን ወደ ማፉ፣ ኤርፍሎ ወደሚሉት። ከፊልትሮው ቀጥሎ በሁለት ቪቴ ታስሮ ታገኘዋለህ። ውስጡ ፀጉር የሚያህል ሽቦ አለ፤ በኤሌክትሪክ ይሞቃል፣ የሚገባው አየር ያቀዘቅዘዋል፣ ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን የሚያሰላው ከዚያ ነው። ሽቦው ላይ አቧራ ሲጋገር አየሩን አሳንሶ ያነባል፣ ቤንዚኑም ያንሳል። ወደ አዲስ አበባ ስትወጣ ጉልበት ሲያጥር "ከፍታው ነው" ይባላል። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ፤ አየሩ መሳሳቱ እውነት ነው። ጤነኛ መኪና ላይ ግን ከፍታ ቼክ ኢንጅን አያበራም።

ቁልፉን አጥፋ፣ ሶኬቱን ንቀል፣ ሴንሰሩን አውጣና ለማፍ ተብሎ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ከራቅ አድርገህ ንፋው። የካርቡሬተርም የፍሬንም ማጽጃ አይሆንም፣ ፕላስቲኩን ሊበላው ይችላል። ጨርቅ፣ ጥጥ፣ ብሩሽ አታስጠጋ። ኮምፕሬሰርም እንዳትነፋበት፣ ሽቦው ሊበጠስ ይችላል። በራሱ እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት ተወው፣ ከዚያ መልሰህ ግጠም። ስፕሬዩን ካላገኘህ ባትነካው ይሻላል።

ከማፉ እስከ ትሮትል (ጋዝ ስትረግጥ የሚከፈተው የአየር በር) ያለውን የአየር ቱቦ ጎማ ደግሞ እጥፋቱን እየከፈትክ እየው። እዚያ ስንጥቅ ካለ ያልተቆጠረ አየር ይገባል፣ የምታየውም ኮድ ይሄንኑ ነው።

ኦክስጅን ሴንሰርን ቤንዚን ውስጥ መዘፍዘፍ ትርፉ ድካም ነው። ከ300 ዲግሪ በላይ ግሎ ነው የሚሠራው፣ ድብልቁ ከተስተካከለ ጥላሸቱን ራሱ ያቃጥላል። ከሞተ ይቀየራል። የሙቀት ሴንሰሩን አትፍታው፣ ሶኬቱ ዝጎ ወይም ላልቶ እንደሆነ ብቻ ተመልከት። ሞተር በኃይለኛ ውሃ የምታሳጥብ ከሆነም ተው፤ ሶኬት ውስጥ የገባ ውሃ ጤነኛውን ሴንሰር የተበላሸ ያስመስለዋል።

ይሄን ጨርሰህ ኮዱን በስካነር አጥፋና ጥቂት ቀን ንዳው። ተመልሶ ከመጣ ሞተሩ ሲሞቅ የፊውል ትሪሙን ቁጥር (ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት ፐርሰንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን) አንዴ ሚኒሞ ላይ፣ አንዴ 2,500 ዙር ላይ አንብብ። ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ ጋዝ ስትሰጠው ከወረደ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ ማለት ነው። ጋዝ ስትሰጠው ከጨመረ ማፉን ወይም የቤንዚን ፓምፑን ተጠራጠር። ሁለቱን ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።