ጥያቄና መልስ፦ ግማሹ ግራጫ የሆነው የሰርግ ፎቶ

ፎቶ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ ተበላሸብን የሚል ጥያቄ በዝቶብናል። የሚገርመው ነገር ፎቶው ራሱ እምብዛም አይበላሽም። ወይ ሙሉ ሳይሆን ይደርሳል፣ ወይ ኮምፒውተሩ አያውቀውም፣ ወይ ደግሞ የተቀመጠበት ዕቃ ውሸታም ነው። ከደረሱን አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የወንድሜን ሰርግ በአንድሮይድ ስልኬ ሳነሳ ዋልኩና ስልኩ ሞላ። ላፕቶፕ ላይ ሰካሁትና የካሜራውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አደረግኩት። ገመዱ ትንሽ ሲነካ እየተቋረጠ አስቸግሮኝ ነበር፣ ግን ፎልደሩን ስከፍተው ፎቶዎቹ ሁሉ በትንንሹ ተደርድረው ይታያሉ። ተመስገን ብዬ ከስልኩ አጠፋኋቸው። ትናንት ለሙሽራዋ ላሳያት ስከፍት ብዙዎቹ ከወገብ በታች ግራጫ ሆነዋል፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይከፈቱም። ወንድሜን ምን ልበለው? (ከደሴ)

መልስ፦ ለጊዜው ምንም አትበዪው። ይልቅ አሁኑኑ ስልክሽን አንሺና የጋለሪውን መጣያ ክፈቺ። ሳምሰንግ ጋለሪ ላይ «ትራሽ» ይባላል፣ ያጠፋሽውን 30 ቀን ያቆይልሻል። ያጠፋሽው ከጉግል ፎቶስ ከሆነ ባክአፕ የተደረገውን 60 ቀን፣ ያልተደረገውን 30 ቀን ያቆያል። ካገኘሻቸው «ሪስቶር» በይ። ስልኩ ገና ሙሉ ነው ብለሽ መጣያውን «ኢምፕቲ» እንዳታደርጊው አደራ፣ ያኔ በቃ አለቀ ማለት ነው።

መጣያው ባዶ ከሆነስ? ጉግል ፎቶስ ላይ ባክአፕ በርቶ ከነበረ በኮምፒውተር በኢሜልሽ ገብተሽ እዪ፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው በርቶ ያገኘዋል። ፎቶዎቹ ሚሞሪ ካርድ ላይ ከነበሩ ካርዱን አውጪው፣ ምንም አዲስ ነገር አትጫኚበት፣ ከዚያ ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም በኮምፒውተር ይፈለጋል። ስልኩ ውስጥ ከነበሩ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የዛሬ ስልኮች የውስጥ ማከማቻቸውን ቆልፈው ስለሚይዙ አንዴ ከጠፋ መመለሱ ዘበት ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ «የጠፋ ፎቶ እንመልሳለን» የሚሉት አፖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡልሽ አውራ ጣት የምታክል ቅጂ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያሉትን ግራጫዎች «ጠግናለሁ» ለሚልሽም ገንዘብ አትስጪ። ያልደረሰ ነገር አይጠገንም።

እንዴት እንዲህ እንደሆነ ማወቁ ለሚቀጥለው ይጠቅምሻል። የስልክ ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) ፎቶ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ከላይ ወደ ታች በተራ ነው። ገመዱ መሀል ላይ ሲቋረጥ የወንድምሽ ከራቫት ደርሷል፣ ሱሪው ስልኩ ላይ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ የጎደለውን ቦታ በግራጫ ይሞላዋል። ታዲያ በትንንሹ ሲታዩ ለምን ደህና መሰሉ? ካሜራው በእያንዳንዱ ፋይል ራስጌ ላይ ትንሽዬ ቅጂ ያስቀምጣል። ራስጌው ደግሞ ቀድሞ የሚደርሰው ክፍል ነው። ስለዚህ ፎልደር ከፍቶ ትንንሾቹን ማየት ማረጋገጫ አይሆንም። የፋይሎቹ ብዛትና መጠን እኩል መሆኑን እዪ፣ ቢያንስ ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉና ከመጨረሻው ጥቂቱን በሙሉ ስክሪን ክፈቺ። 0 ኪሎባይት የሚል ካለ እሱ ስሙ ብቻ ነው የደረሰው።

ሌላው ነገር፣ ስልክ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ እንደ ፍላሽ አይደለም። ኮምፒውተሩ ማከማቻውን በቀጥታ አያነበውም፣ ኤምቲፒ በሚባል አሠራር ስልኩን እየጠየቀ አንድ በአንድ ነው የሚቀበለው፣ ስለዚህ ሺዎች ያሉበትን ፎልደር እንዳለ ስትሰጪው ይንገዳገዳል። መቶ መቶ እያደረግሽ ውሰጂ። የስልኩ ስክሪን ክፍት ይሁን። በኮፒ እንጂ በከት (ከስልኩ አንስቶ በሚወስደው) አትሥሪ። ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና። ገመዱንም ቀይሪው። መንገድ ዳር ከሚሸጡት ውስጥ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ የዳታ ሽቦ የሌላቸው አሉ፤ ያንቺ ዳታ ያስተላልፋል ግን ጫፉ ላልቷል።

ስልኩ ላይ ቦታ ካለሽ ደግሞ እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይሄን ነው፦ ፎቶዎቹን በስልኩ ፋይል ማኔጀር «ኮምፕረስ» ብለሽ አንድ ዚፕ አድርጊያቸው፣ እሱን ብቻ ገልብጪ። ዚፕ ለእያንዳንዱ ፎቶ የማረጋገጫ ቁጥር ይይዛል። ላፕቶፑ ላይ ሰቨን ዚፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነሽ «ቴስት» ስትዪው ጎዶሎ ካለ የፎቶውን ስም ጠርቶ ይነግርሻል። ስሕተት የለም ካለሽ አጥፊና ተገላገዪ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረተኛ ነኝ። ልጄ ከአሜሪካ አይፎን ላከችልኝ፣ በዕድሜዬ ፎቶ አንሺ ሆኛለሁ። ፎቶዎቹን ወደ ዊንዶውስ ላፕቶፔ ስገለብጥ ጥቂት ይሄድና «ከሲስተሙ ጋር የተያያዘው መሣሪያ አይሠራም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያመጣል። የተገለበጡትም አንዳንዶቹ አይከፈቱም። የሰፈር ጠጋኝ ስልኩ ችግር አለበት፣ ፎርማት ይደረግ አለኝ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ስልክዎን ለማንም አይስጡ። ፎርማት የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ፎቶዎን አጥፍተው ችግሩን ግን እንዳለ ይዘው ነው የሚመለሱት።

አይፎን በፈረንጆቹ 2017 ከወጣው አይኦኤስ 11 (የአይፎኑ ሲስተም) ወዲህ ፎቶ የሚያስቀምጠው ሄይክ በሚባል ዓይነት ነው። ቦታ ይቆጥባል፣ ከጄፔግ ግማሽ አካባቢ ነው የሚይዘው። ላፕቶፕ ላይ ሲሰኩት ስልኩ ዊንዶውስ ይህን አያውቅም ብሎ እየገለበጠ ሳለ እያንዳንዱን ወደ ጄፔግ ይለውጣል። ሥራው ሲበዛበት መልስ መስጠት ያቆማል። ዊንዶውስም ጠብቆ ጠብቆ መሣሪያው አይሠራም ይላል። ስልኩ ግን ጤነኛ ነው።

መፍትሔው አንዲት ምልክት ናት። ሴቲንግስ ውስጥ ይግቡ፣ ፎቶስ የሚለውን ይክፈቱ (በአዲሶቹ አይኦኤሶች መጀመሪያ «አፕስ» ውስጥ ገብተው ነው የሚያገኙት)፣ እስከ ታች ይውረዱ። «ትራንስፈር ቱ ማክ ኦር ፒሲ» ከሚለው ሥር «አውቶማቲክ» ተመርጦ ያገኙታል። «ኪፕ ኦሪጅናልስ» የሚለውን ይምረጡ። ገመዱን ነቅለው እንደገና ይሰኩ፣ «ትረስት» ሲልዎ እሺ ብለው የስልክዎን መክፈቻ ቁጥር ያስገቡ፣ ገልብጠው እስኪጨርሱም ስክሪኑ አይዘጋ።

አሁን ፎቶዎቹ እንዳሉ፣ በሄይክ ይመጣሉ። ላፕቶፑ ካልከፈታቸው ተበላሹ ብለው አይደንግጡ። ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ «ሄይፍ ኢሜጅ ኤክስቴንሽንስ» አለ፣ ነፃ ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ አብሮ «ኤችኢቪሲ» የሚባለውን ይጠይቃል፣ እሱ 0.99 ዶላር ነው። ዋጋው ኢምንት ነው፣ ግን እዚህ ሆኖ በካርድ መክፈሉ ነው ጣጣው፣ እንግዲህ ለልጅዎ ይደውሉላት። ከዛሬ ጀምሮ ለሚያነሱት ከሁሉም ነገር ለመገላገል ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ብለው «ሞስት ኮምፓቲብል» ያድርጉት። ቀጥታ በጄፔግ ያነሳል። ቦታ ግን ይበላል።

ደግሞ ስልኩ ላይ የሚያዩት ፎቶ ላፕቶፑ ላይ ጎድሎ ካገኙት አይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ) ሊሆን ይችላል። «ኦፕቲማይዝ አይፎን ስቶሬጅ» በርቶ ከሆነ ስልኩ ቦታ ሲጠበው ዋናውን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አድርጎ እጁ ላይ ትንሹን ነው የሚያስቀረው። እሱን በዋይፋይ «ዳውንሎድ ኤንድ ኪፕ ኦሪጅናልስ» ያድርጉትና እስኪወርድ ይታገሱ።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ነው ያለሁት። የልጄን ልደት ፎቶ ለእናቴ በቴሌግራም ልኬላት ፎቶ ቤት ስትወስደው «ይሄ በትልቁ አይታተምም» አሏት። ስልኬ ላይ እኮ ጥርት ያለ ነው!

መልስ፦ ፎቶ ቤቶቹ ልክ ናቸው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልኪ ያሳንሰዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ይወርዳል። ይህ በጥሩ ጥራት ቢታተም 11 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የ12 ሜጋፒክስል ስልክ ዋናው ፎቶ ግን 4032 ፒክስል ነው፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል። ስትልኪ የወረቀት ማያያዣዋን ምልክት ነክተሽ ከ«ጋለሪ» ሳይሆን ከ«ፋይል» በኩል ምረጪ፣ እንዳለ ይደርሳል። ዋትስአፕ ላይ «ዶክዩመንት» የሚለው ነው። እናትሽም በኮምፒውተር ሲያወርዱላት ያንኑ ፋይል ሴቭ ያድርጉ እንጂ ስክሪንሹት አንስተው እንዳይሰጧት።

ጥያቄ፦ 1 ቴራ ሚሞሪ ካርድ በጣም በርካሽ አገኘሁ። መጀመሪያ ላይ ሸጋ ነበር። አሁን የድሮዎቹ ይከፈታሉ፣ የቅርቦቹ ግን ስማቸው አለ፣ ስከፍታቸው የሉም። ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥም ኤረር ይላል። ካርድ ሪደሩ ይሆን? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ሪደሩ ምን አደረገህ! ካርዱ ነው። ውስጡ 32 ጊጋ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ ሆኖ 1 ቴራ ነኝ ብሎ እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ካርድ ገበያው ላይ ሞልቷል። ትክክለኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ እንደ ጤነኛ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የምታስገባው ግን የትም አይጻፍም፣ ወይም በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ይመዘገባል፣ ፎቶው ግን ከመጀመሪያውም አልተቀመጠም። ስለዚህ የቅርቦቹን አውጣልኝ ብለህ ብዙ አትልፋ።

ዛሬውኑ አንዲት ፎቶ ሳትጨምርበት የሚከፈቱትን ሁሉ ላፕቶፕህ ላይ ገልብጥ። እሱ ካለቀ በኋላ ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw) የሚባል ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ፣ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ ትክክለኛ መጠኑንም ይነግርሃል። ሰዓታት ይፈጃል። ውጤቱን ስክሪንሹት አድርገህ ለሻጩ አሳየው፣ ይመልስልህ አይመልስልህ አላውቅም። ሌላ ካርድ ስትገዛ ግን ሻጩ ፊት ቆመህ መጠኑን ከስልክህ ላይ ማንበብ ምንም አይጠቅምህም፣ ስልኩ የሚያሳይህ ካርዱ የነገረውን ነው።

ጥያቄ፦ የምርቃት ፎቶዎቼን በፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ መልሼ ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። አለቀልኝ? (ከጎንደር)

መልስ፦ አላለቀልሽም፣ ፎቶዎችሽ እዚያው ፍላሹ ላይ ናቸው። የሾርትከት ቫይረስ ነው። ዋናዎቹን ደብቆ በቦታቸው የራሱን ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ምልክት) ያስቀምጣል፣ እሱን ስትነኪ ላፕቶፕሽ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አንዱንም ደብል ክሊክ አታድርጊ። መጀመሪያ በዊንዶውስ ዲፌንደር ፍላሹን ስካን አድርጊ። ከዚያ «ቪው» ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብሪ። አሁንም ካልታዩ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተሽ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አጥፊ። ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ፣ አንዳንዴም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠራቅመው ታገኛቸዋለሽ። ፎቶዎቹን ብቻ ወደ ላፕቶፑ ገልብጪ፣ ሾርትከቶቹን ተያቸው፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጊው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ግን ቫይረሱ እስካሁን ሊኖር ስለሚችል በሚቀጥለው ስትሄጂ የሚታተመውን ብቻ ጭነሽ ውሰጂ።