መልስ፦ ሳን ማሪኖ አሸንፋ ታውቃለች ወይ?

ወንድሜ፣ «ሳን ማሪኖ አንድም ጨዋታ አሸንፋ ታውቃለች ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ ይህች በጣሊያን የተከበበች ትንሽ አገር በእግር ኳስ ሦስት ጊዜ አሸንፋለች። ሦስቱንም ሊክተንስታይን የምትባለውን ሌላ ትንሽ የአውሮፓ አገር ነው።

ሕዝቧ 34 ሺህ ገደማ ነው። እዚህ ጅማ ያለነው ብቻ በብዙ እጥፍ እንበልጣለን። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ቀን ሥራቸውን ውለው ማታ የሚለማመዱ ናቸው፤ ስለዚህ በ2006 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ጀርመን 13 ለ 0 ስታሸንፋቸው ብዙ ሰው ቢስቅም እኔ ግን ምንም አላሳቀኝም።

የመጀመሪያው ይፋዊ ጨዋታቸው በ1990 ከስዊዘርላንድ ጋር ነበር፣ 4 ለ 0 ተሸነፉ። በ1993 ግን ከቱርክ ጋር 0 ለ 0 ወጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር ሲጫወቱ የእንግሊዙ ተከላካይ ስቱዋርት ፒርስ ወደ በረኛው የመለሳት ኳስ አጠረችና ዳቪዴ ጓልቲዬሪ ነጥቆ በ8.3 ሴኮንድ አገባት! በመጨረሻ እንግሊዝ 7 ለ 1 አሸነፈች፣ ግን እስከ ዛሬ የሚወራው ስለዚያች አንዲት ጎል ነው።

የመጀመሪያው ድል የመጣው ሚያዝያ 2004 ነው፣ በአንዲ ሴልቫ ጎል 1 ለ 0። ከዚያ 20 ዓመት ሙሉ፣ ከ100 በላይ ጨዋታ ያለ ድል። መስከረም 2024 ላይ የ19 ዓመቱ ኒኮ ሴንሶሊ ያንን ሰበረው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የሊክተንስታይን ዋና ከተማ ቫዱዝ ሄደው፣ መጀመሪያ 1 ለ 0 ተመርተው በኋላ 3 ለ 1 አሸነፉ፤ ከሜዳቸው ውጪ የመጀመሪያ ድላቸው ናት፣ በአውሮፓ ብሔራዊ ቡድኖች ውድድር በኔሽንስ ሊግም ከመጨረሻው ምድብ ወደ ምድብ ሲ አደጉባት። ያን ቀን አምሽቼ ውጤቱን በስልክ ስከታተል ሦስተኛዋ ስትገባ ብድግ ብዬ ጮህኩ፣ ቤተሰቡን ሁሉ ቀሰቀስኩ።