ሙሉ ሠንጠረዡን ሳይሆን አንዱን ዓምድ፦ የጎንደር አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ፦ «በየጠዋቱ ከባንክ ድረ ገጽ የምንዛሪ ሠንጠረዥ እገለብጣለሁ። የምፈልገው የመግዣውን ዓምድ ነው፤ ማውዙን ስጎትት ግን ሁሉም አብሮ ይመረጣል።»

ክሮም የሚመርጠው እንደ ንባብ ረድፍ በረድፍ ስለሆነ ዓምድ ነጥሎ አይዝም። ገጹን ፋየርፎክስ በተባለው ሌላ ብራውዘር ይክፈቱት። ኮንትሮልን ተጭነው እንደያዙ ከዓምዱ የመጀመሪያ ሳጥን ወደ ታች ይጎትቱ። ኮንትሮልን እንደያዙ ሌላ ዓምድ መጨመርም ይቻላል። ከዚያ እንደተለመደው ኮፒ አድርገው ኤክሴል ላይ ፔስት ያድርጉ። በማክ ኮንትሮልን ኮማንድ ይተካዋል። ሳጥኑ ውስጥ ሊንክ ካለ በኮንትሮል ሲነካ አዲስ ታብ ይከፍትብዎታል፤ ከጽሑፉ ሸሽተው ባዶው ቦታ ላይ ይጀምሩ።

የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ፋየርፎክስ ከሌለው ሙሉውን ገልብጦ ትርፉን ዓምድ ኤክሴል ላይ ማጥፋት ነው። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ከአዘዞ፦ «የሰሊጥ ዋጋ ገልብጬ ድምሩን ሳሠራው ዜሮ ይለኛል።»

ቁጥሮቹ ወደ ሳጥኑ ግራ ተጠግተው ከሆነ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ነው የያዛቸው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከድረ ገጹ አብሮ የመጣ የማይታይ ክፍተት ነው፤ በስፔስ ቁልፍ ከሚጻፈው ይለያልና ስፔስ ጽፈው ቢፈልጉት አይገኝም። አንዱን ሳጥን ከፍተው ክፍተቱን ራሱን ኮፒ ያድርጉ፤ ኮንትሮልና ኤች ተጭነው በሚከፈተው መስኮት በላይኛው መስመር ላይ ይለጥፉት፣ የታችኛውን ባዶ ይተዉና ሁሉንም ይተኩ። «ብር» የሚል ቃል ካለም በዚያው መንገድ ይወገዳል።

ከማራኪ፦ «ጳጉሜን 5 ለማለት 5/13/2016 የተጻፈውን ኤክሴል ሜይ 13 አደረገው።»

ኮምፒውተርዎ የአሜሪካን አጻጻፍ ስለሚከተል ወሩን ያስቀድማል፤ የኛ አቆጣጠር መሆኑንም አያውቅም። መስከረም 5ም (5/1/2016) ሜይ 1 ይሆናል። ጥር 20 (20/5/2016) ግን 20ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ የተበላሸ ይሆናል፤ ካላስተዋሉት የሚያስተዛዝበው ይህ ነው። መጀመሪያ ባዶውን ዓምድ መርጠው ዓይነቱን «ቴክስት» ያድርጉ፣ ከዚያ በቀኝ ጠቅታ ከሚመጡት የፔስት ምርጫዎች «ማች ዴስቲኔሽን ፎርማቲንግ» የሚለውን ይምረጡ። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥርም ዜሮው እንዳይጠፋ መድኃኒቱ ይኸው ነው። አንዴ ከተቀየረ በኋላ ዓይነቱን ቴክስት ማድረግ የመጀመሪያውን አይመልስም፤ እንደገና መገልበጥ ነው።

ከአራዳ፦ «ሠንጠረዡ መቶ ምናምን ረድፍ አለው፣ የሚገለበጠው 10 ብቻ ነው።»

ገጹ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 10 ስለሆነ ነው። ከሠንጠረዡ በላይ ወይም በታች የረድፍ ብዛት መምረጫ ካለ ወደ 100 ወይም ወደ «ኦል» ቀይረው እንደገና ይገልብጡ።