«በእጄ ይሁን» ያለችው ሴት

ሰሞኑን እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አንዲት የሕግ ተማሪ መጥታ፣ «ጋሼ፣ በልጅ ላይ የምርመራ ቀጠሮ ፈቅደው ያውቃሉ?» አለችኝ። ሳልመልስላት ተለያየን። መልሴ ይኸው ነው፤ እኩዮቿም አንብቡት።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በደሴ አካባቢ ወጣት ዳኛ ነበርኩ። አንድ የ12 ዓመት ሊስትሮ ሬዲዮ ሰርቀሃል ተብሎ ቀረበ። ከኩታበር የመጣ ልጅ ነው፤ ከተማው ውስጥ ዘመድ የለውም። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ልጁ ታስሮ እንዲቆይ 14 ቀን ጠየቀ። ሰኞ ገበያ ሻይ የምትሸጥ ሴት ከኋላ ተነሥታ፣ «ወላሂ ጌታዬ፣ ከእኔው ቤት ነው የሚያድረው። በእጄ ይሁን፤ ባሉኝ ቀን አመጣዋለሁ» አለች። ደመወዝተኛ ዋስ አምጪ አልኳት። ከየት ታመጣለች? 14ቱን ቀን ፈቀድኩ።

ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 172፣ ጉዳዩ ሲቀጠር ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ፣ እነሱ ከሌሉ እምነት ለሚጣልበት ሰው ይሰጥ ይላል። ስለ ደመወዝ አንድ ቃል የለበትም። ተምሬዋለሁ። እጄ ግን የአዋቂዎቹን 14 ቀን ለምዶ ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሹራቡ የለም። የጥቅምትን የጦሳ ተራራ ብርድ ታውቁታላችሁ። የት ሄደ ብዬ ብጠይቀው ዝም አለኝ፤ ጣቢያ የሚያድረው ከአዋቂዎች ጋር ነበር። በሦስተኛው እንደ ቆየ እስረኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ያን አይቼ ደግሜ ፈረምኩ።

እኔ በእሱ ዕድሜ ከጎረቤት ጓሮ ኮክ ስሰርቅ ተይዣለሁ። አባቴ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀልኝ፤ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ነበርኩ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅን ማሰር የመጨረሻው አማራጭ፣ ጊዜውም እጅግ አጭር ይሁን ይላል፤ የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ ደግሞ ልጅ ክስ ሳይመሠረትበት ከ30 ቀን በላይ እንዳይያዝ ያሳስባል። ሊስትሮው 42 ቀን ታስሯል። በሕጋችን ላይ ለልጆች የተቆረጠ የቀን ገደብ ይጻፍ ብላችሁ ጠይቁ፤ «በተቻለ ፍጥነት» የሚል ቃል እንደ እኔ ያለውን ዳኛ አያቆመውም።

እናንተ ሦስት ቀን ስልካችሁ ላይ ትቆጡና ትረሳላችሁ፤ ይህን አልወድላችሁም። ችሎት ገብታችሁ ኋላ ተቀመጡ፤ ዕድሜው አጠራጠረ ሲባል የክትባት ካርዱን ፈልጉለት። ጩኸት ለውጥ አያመጣም ስል ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን አንድ ሰው አንቀጹን ጠቅሶ ቢጮህብኝ ኖሮ እሰማው ነበር።

መዝገቡ ማስረጃ የለውም ተብሎ ተዘጋ። በር ላይ ነጠላዋን አውርዳ ያለበሰችው ያቺው ሻይ ሻጭ ነበረች። እጁን ይዛ ስትወስደው ዋስ የጠየቃት የለም።